ለሰው ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት

«እሱ እኮ የሚመጣው ለእግዚአብሔር ብሎ ሳይሆን ለሰው ብሎ ነው» የሚለው ወቀሳ ቅር ያሰኘኛል። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ፍርዱ ግን ይቸኩላል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኦልፖርትና ሮስ እ.ኤ.አ. በ1967 በእምነቱ የሚኖረውን ሰው በእምነቱ ከሚጠቀመው ለዩ። ጎርሰችና ማክፈርሰን ደግሞ በ1989 ተጠቃሚውን ለሁለት ከፈሉት፦ መጽናናትን የሚሻና ወዳጅ የሚሻ። ሰው ለምን ሃይማኖተኛ እንደሚሆን ከሚለካው መጠይቃቸው 14 ዓረፍተ ነገሮች ሦስቱ ብቻ ስለ ማኅበራዊው ምክንያት ናቸው፤ እነሱም የሚያወሩት በጉባኤው ጓደኛ ስለ ማግኘትና ከሚያውቁት ሰው ጋር ስለ መሆን ነው። ስም ለማትረፍ፣ ወላጅን ላለማስቀየም ወይም ደንበኛ ለማፍራት የሚመጣው እዚያ ውስጥ የለም። እኔም እነዚህን አንድ ላይ መጨፍለቅ አይገባም እላለሁ። ይሉኝታ ያመጣው ሰው የሚያየው ሲያጣ ይቀራል። ይሉኝታ ያልሄደውን ሰው «ሄድኩ» ሳያሰኝም አይቀርም፤ በ1993 በአሜሪካ የወጣ ጥናት በአምልኮ የተገኙትን ቆጥሮ ሲያስተያይ፣ ሄድን ካሉት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው ያገኘው።

ወዳጅ ፍለጋ የመጣው ግን ሌላ ነው። ሊምና ፐትናም በ2010 ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት፣ አዘውትረው የሚያመልኩ ሰዎች በሕይወታቸው ይበልጥ የሚረኩት በጉባኤያቸው የቅርብ ወዳጆች ሲኖሯቸው ነው። ወዳጅነቱም ቢሆን ይህን ፍሬ የሚያፈራው ሃይማኖቱ ለሰውየው የማንነቱ ክፍል ሲሆን ነው። ሁለቱን ባላንጣ ማድረግ ለምን አስፈለገ? ዕብራውያን 10፥24-25 ራሱ መሰብሰብን ከመመካከር ጋር ነው ያያያዘው።

እንግዳ ሰው የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በስብከቱ አይደለም፤ አምልኮው ሲያበቃ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ነባሮቹ ክብ ሠርተው ያወራሉ፤ እሱ ብቻውን ይወጣል። በር ላይ እጅ መጨበጥ ይህን አይተካም። ስሙን ጠይቆ ከሁለት ሦስት ሰዎች ጋር ማስተዋወቅ ያስፈልጋል፤ በአንድ ወዳጅ ብቻ የታሰረ ሰው ያ ወዳጅ አገር ሲለቅ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ትንሽ ጉባኤ፣ መዘምራን ወይም አንድ አገልግሎት ይከተል፤ ቁጥራቸው ጥቂት ከሆነ መቅረቱ ይታወቃል።

ሲቀር ደግሞ ይደወልለት፤ ግን «ለምን ቀረህ?» አይባል። ይህ የሚመልሰው በይሉኝታ ነው፣ ይሉኝታም አያቆይም። ስለ ጤናው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ቤቱ ይጠየቅ። ታሞ ከሆነ ሄዶ መጠየቅ ነው፤ የሚቀጥለው እሑድ ጉዳይ በዚያ ቀን ባይነሳም ምንም አይደለም።