ዲቪዲው የማይሰራ፣ ከፍላሽ የማይነሳ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ እንዴት እንደጫንኩ

ይሄን ላፕቶፕ መጣል አልፈለግኩም፣ ብዙ ነገር የተማርኩበት ነው። 1 ጊጋ ራም፣ 40 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ብቻ (የድሮው አይነት፣ አዲሶቹ 64 ቢት ናቸው)፣ ላዩ ላይ የነበረው ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ በ2014 ድጋፉን ያቆመለት ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ዲቪዲ ማንበቢያው ዲስክ ሲገባለት ትንሽ ይዞርና ዝም ይላል። እና ያለኝ አንድ 8 ጊጋ ፍላሽ ብቻ ነበር።

ሁለት ምሽት ሙሉ የፈጀሁት ፍላሹ ላይ በሩፈስ (መጫኛን ፍላሽ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም) ደጋግሜ በመጻፍ ነው፣ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን የሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) አይነት። ማሽኑን አስነስቼ ኤፍ 12 (ከየት እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር የሚከፍተውን ቁልፍ) ስጫን ግን የሚመጣው ሃርድ ዲስክ፣ ሲዲ፣ ኔትወርክ፣ በቃ። ዩኤስቢ የሚባል ነገር የለም። ፍላሹ ምንም አልሆነም፣ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሰራው ውስጣዊ ፕሮግራም) ነው ከዩኤስቢ መነሳት የማያውቀው፣ ስለዚህ እናንተ ምንም ከማውረዳችሁ በፊት ያንን ዝርዝር ክፈቱና እዩ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የሊኑክሱ ምርጫም ጠባብ ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ አይነት 32 ቢት ካቆመ ቆየ፣ ዴቢያን የሚባለው ሌላው አይነትም 13ኛ እትሙ የ32 ቢት መጫኛ የለውም፣ ስለዚህ እ.ኤ.አ በ2023 የወጣውን ዴቢያን 12 ወሰድኩ። የኔት ኢንስቶል ፋይሉ (ቀሪውን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ትንሽ መጫኛ) 1 ጊጋ እንኳን አይሞላም። ሩፈስ ሲጠይቀኝ ዲዲ ሞድ (ፋይሉን እንዳለ የሚገለብጠውን) የሚለውን መረጥኩ።

የመነሳቱን ችግር የፈታልኝ ባዮሱ ባይችልም ከዩኤስቢ የሚያስነሳ፣ ፕሎፕ ቡት ማኔጀር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኤክስፒው ገና ስለሚነሳ መጀመሪያ ፎቶዎቼን በሙሉ ሌላ ቦታ ገለበጥኩ፣ ከዛ የፕሎፕን ፋይል ሲ ላይ አስቀምጬ ቡት ዶት አይኤንአይ (ኤክስፒ ሲነሳ የሚያሳየው የምርጫ ዝርዝር ያለበት ፋይል) ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩለት (ይሄን ፋይል ከመንካታችሁ በፊት ኮፒውን ያዙ፣ ከተበላሸ ኤክስፒውም አይነሳላችሁም)። ሪስታርት ሳደርግ ሁለት ምርጫ መጣ፣ ፕሎፕን ስከፍት ከዋክብት የሚበሩበት ስክሪን፣ እዛ ዝርዝር ውስጥ ዩኤስቢ የሚለውን ሳይ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ኢንተር ከመታሁ በኋላ ስክሪኑ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ ቆየ፣ ተበላሸ ብዬ ላጠፋው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን አላጠፋሁትም፣ እየሰራ ነበር፣ ፕሎፕ በራሱ የዩኤስቢ ድራይቨር (ዩኤስቢውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ከርነሉን (የሊኑክሱን ዋና ክፍል) እስኪጭን ቀስ ይላል፣ ከርነሉ አንዴ ከተነሳ ግን የራሱን ድራይቨር ስለሚጠቀም ፍጥነቱ ይስተካከላል።

ከዛ መጫኛው ፓኬጆቹን (የሚጫኑትን ፕሮግራሞች) ከኢንተርኔት ሊያወርድ ሲል አልቀበልም አለ። ኬብሉን ቀያየርኩ፣ ሚረር (ፋይሎቹ የሚወርዱበትን ሰርቨር) ቀየርኩ፣ ምንም። በመጨረሻ ቀኑን ሳየው 2005 ይላል! ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች፣ ቻርጀሩ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ዴቢያን ደግሞ የፓኬጆቹ ፊርማ ከወደፊት የመጣ ስለሚመስለው አያምነውም። ባዮስ ገብቼ ቀኑን አስተካክዬ እንደገና ስጀምር ያለምንም ችግር አለፈ። ባትሪዋን በኋላ ቀየርኳት፣ ሲአር 2032 ናት፣ ላፕቶፕ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሽቦና ሶኬት ስላላት ያንኑ አይነት መፈለግ ያስፈልጋል።

ሌላ በጣም የምትጠነቀቁበት ቦታ ግረብ (ማሽኑ ሲበራ ሊኑክሱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የት ይጫን ሲል ነው። ሁለት ዲስክ ያሳያል፣ ሃርድ ዲስኩና ፍላሹ፣ ስማቸው ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ እየተባለ ስለሚምታታ እኔ በመጠን ነው የለየሁት፣ 40 ጊጋው ላይ። ፍላሹ ላይ ብትጭኑት ፍላሹ ሲነቀል ሊኑክሱ አይነሳም፣ ባዮሱም ከፍላሽ አያስነሳላችሁም።

ለዴስክቶፕ ኤልኤክስዲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ገጽታ መረጥኩ፣ 2 ጊጋ ስዋፕ (ራም ሲያንስ የሚያግዝ የሃርድ ዲስክ ቦታ) ሰጠሁት። ብሮውዘር ላይ ሁለት ሶስት ታብ ከተከፈተ ይከብደዋል፣ ለጽሑፍና ለሙዚቃ ግን በደንብ ይሰራል። ይሄንንም የጻፍኩት በሱ ነው።