አራት ከአስር

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሲድኒ ውስጥ በአንድ የራግቢ ሊግ ክለብ ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። አበሻ ሲጠይቀኝ «ኳስ ቡድን ውስጥ ነኝ» እላለሁ። ወዲያው ስለ አርሰናል ወሬ ይጀመራል። የእኛ ግን እንቁላል የመሰለች ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ነው። 13 ለ13፣ 80 ደቂቃ። ኳስ የያዘውን ሦስት አራት ሆነው ተላትመው ይጥሉታል። ይነሳል፣ እንደገና ይጥሉታል። የአሜሪካኖቹ ዓይነት ሄልሜት የለም። መቶ ኪሎ ሰው ከመቶ ኪሎ ሰው ጋር ሲጋጭ ድምፁ ሜዳ ዳር ድረስ ይሰማል። መጀመሪያ ሰሞን በየግጭቱ «እግዚኦ!» እያልኩ ተጠባባቂዎቹን አስቅ ነበር።

ይህን የምጽፈው እ.ኤ.አ. በ2019 ስለገጠመኝ ነገር ነው።

ልጁ የመጣው ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ ነው። ራግቢ ሊግ እዚያ፣ ለእኛ ሩጫ እንደሆነው ማለት ነው፤ መንደር ለመንደር ሕፃኑ ሁሉ ይጫወተዋል። እኔን «ብራታ» ይለኛል፤ በእነሱ ቶክ ፒሲን ወንድም ማለት ነው። ሁለታችንም እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት የተማርን የደጋ ልጆች ስለሆንን ነው መሰለኝ ቶሎ ተግባባን።

ከሁለተኛው አጋማሽ መጀመሪያ ላይ አንዱን ሊጥል ጎንበስ ሲል የሰውየው ዳሌ ጆሮ ግንዱን አገኘው። ራሱ ተነሳ። አልተንገዳገደም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ፣ ያ ብቻ። ራሱን ስቶ ወይም ሲወድቅ እጁን እንኳ ሳይዘረጋ ቀርቶ ቢሆን ምርመራም አያስፈልገውም ነበር፤ የዚያ ቀን ጨዋታው እዚያው ያበቃል። እንዲህ አጠራጣሪ ሲሆን ግን ወጥቶ ለ15 ደቂቃ ይመረመራል።

15 ደቂቃ ብዙ ይመስላል። ከሜዳ እስከ መልበሻ ክፍል መሄጃው፣ ታኬታ ማውለቂያው፣ ትንፋሽ መሰብሰቢያው ሁሉ የሚቆረጠው ግን ከዚሁ ላይ ነው። ምርመራው ራሱ በአግባቡ ከተሠራ ከ10 ደቂቃ ባነሰ አያልቅም። ከላይ ሕዝቡ ይጮሃል። አሰልጣኙ በሬዲዮ «ምን ደረሳችሁ?» ይላል።

ዶክተሩ ጠየቁት። የት ስታዲየም ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ያስቆጠረው ማነው? ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወታችሁ? አሸነፋችሁ? ሁሉንም መለሰ። እነዚህ የማዶክስ ጥያቄዎች ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚታወቁ ናቸው። የተመታ ሰው ስሙንና የልደት ቀኑን ብትጠይቀው ይነግርሃል፤ የሚጠፋበት የቅርቡ ነው። ከዚያ ባዶ እግሩን፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ 20 ሰከንድ በአንድ እግሩ ቆመ። ደህና ነው።

መጨረሻ ላይ ቃላቱ መጡ። መጀመሪያ አስር ቃላት ሦስት ጊዜ ይነበቡለታል። ቢያንስ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚያስታውሰውን ይናገራል። ጣት፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ሳንድዊች አለና ቆመ። አራት ከአስር።

እኔ ታብሌቱን ይዣለሁ። ከወቅቱ መጀመሪያ በፊት፣ ጤነኛ ሳሉ፣ ሁሉም ይህንኑ ፈተና ይወስዳሉ፤ በኋላ የሚመሳከረው ከዚያ ጋር ነው። የእሱን ከፈትኩ። አራት ከአስር።

«ያው ነው» አልኩ።

ዶክተሩ ስለ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ጠየቁት። ምንም የለም። አውራ ጣታቸውን አነሱ።

ልጁ ታኬታውን ሊያደርግ ተቀመጠ። ግራውን አሰረ። አየው። ፈታው። እንደገና አሰረው። «ብራታ፣ ስንት ለስንት ነን?» አለኝ። ነገርኩት። ወደ ሜዳ በሚያወጣው መተላለፊያ ጎን ለጎን ስንሄድ «ስንት ለስንት ነን?» አለኝ። ነገርኩት።

ዝም አልኩ። ፈተናውን አልፏል፤ ዶክተሩ ወስነዋል። እዚህ አገር ሐኪሙም በስሙ ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን «ዶክተር» ከማለት አልተላቀቅሁም። እሳቸው አይተው የጨረሱትን ነገር፣ አሰልጣኙ እየጮኸ፣ «ይቅርታ ዶክተር፣ ልጁ ጫማውን ሁለት ጊዜ አሰረ» ይባላል? ሞኝ ያስመስላል። ዋጥኩት።

ስድስት ደቂቃ ተጫወተ። ከዚያ የእኛ መስመር አንድ ላይ ወደ ፊት ሲወጣ እሱ ባለበት ቀረ። ኳሱ አጠገቡ አለፈ። እሱ የሚያየው ሌላ ቦታ ነው፤ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። በእሱ በኩል ገብተው አስቆጠሩብን። ያን ጊዜ ነው የጫማውን ነገር የተናገርኩት። ዶክተሩ እስክጨርስ አልጠበቁም፣ ሮጡ።

መልበሻ ክፍል አስታወከ። ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሳ፣ ንጹሕ ነው ተባለ። የአንጎል መናወጥ፣ ኮንከሽን የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሲቲ አይታይም። ሲቲው የሚፈልገው ደም መፍሰስን ነው። አምስት ሳምንት አረፈ። በዚያች ስድስት ደቂቃ ውስጥ ጭንቅላቱን ዳግመኛ የነካው የለም። ይህ የእኔ ብልሃት አይደለም፣ ዕድል ነው። ያላገገመ አንጎል ላይ የሚያርፍ ሁለተኛ ምት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ወድቄበት አላውቅም።

ሰኞ ዶክተሩ ጠሩኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ያንን የወቅት መጀመሪያ ወረቀት አውጥተው «ይህን የሞላው ማነው?» አሉ። የእኔ ጽሑፍ ነው።

«የት ነው የፈተንከው?»

ከጂሙ ጎን ያለች የዕቃ ክፍል ውስጥ። ግድግዳው ማዶ ሙዚቃ እየጮኸ። ከሩጫ ልምምድ በኋላ። በአንድ ቀን ሠላሳ ሰው። እሱ አገሩን ከለቀቀ ገና ሦስት ሳምንቱ። ቃላቱን በየሰከንዱ አንድ አንድ እያልኩ ያነበብኩለት ደግሞ እኔ፣ ደብረ ብርሃን በተማርኩት እንግሊዝኛ። ከቃላቱ አንዱ «ዋገን» ነበር። እኔ ራሴ ዋገንን የማውቀው በቮልስዋገን ነው፤ ጋሪ መሆኑን የነገረኝ የለም።

ሆን ብለው የሚወድቁ ተጫዋቾች አሉ። መጀመሪያ ዝቅተኛ ነጥብ ካስመዘገብክ፣ ተመትተህም ዝቅተኛ ስታመጣ «ያው ነው» ይባልልሃል። እሱ አላጭበረበረም። ደክሞት፣ ጫጫታ ውስጥ፣ በሁለት የባዕድ አነጋገር መካከል አራት አመጣ። አራቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፣ የእኔም ውጤት ነበር።

«የጫማውንስ ለምን ወዲያው አልነገርከኝም?» አሉ።

ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ላስረዳቸው ሞከርኩ። አክብሮት አልኩ፣ እፍረት አልኩ፣ ሰው ምን ይለኛል ማለት ነው አልኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና «እኔ የማየው 15 ደቂቃ ነው፤ አንተ ግን በየቀኑ ታየዋለህ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውራ ጣታቸውን ከማንሳታቸው በፊት ወደ እኔ ዞረው «ሌላስ?» ይሉ ነበር። ብዙ ጊዜ የምለው የለኝም። ሁለት ጊዜ ግን ነበረኝ፤ ሁለቱም ልጆች ወደ ሜዳ አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። የሲድኒ ሩስተርሱ አምበል ቦይድ ኮርድነር በ2021፣ ገና በ29 ዓመቱ፣ በጭንቅላት ጉዳት ምክንያት ጫማውን ሰቀለ። በ2022 ያረፈው የቀድሞ ተጫዋችና አሰልጣኝ ፖል ግሪን አንጎሉ ሲመረመር፣ ከተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት ጋር የሚያያዘው ሲቲኢ የተባለ በሽታ ተገኘበት። በዚያው ዓመት ከክለቦች ነፃ የሆነ ሐኪም ጨዋታዎቹን በቪዲዮ እየተከታተለ ተጫዋች ማስወጣት ጀመረ። በ2023 ኮንከሽን ያገኘው፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ ቢያንስ 11 ቀን ከጨዋታ እንዲርቅ ተደነገገ። ክለቦች አጉረመረሙ። እኔ ደስ አለኝ፤ በቪዲዮ የሚያየው ሐኪም አሰልጣኙን አያፍረውም። ጫማ ሲታሰር ግን እሱም አያይም።

ልጁን በቀጣዩ ዓመት እንደገና ፈተንነው። ጠዋት፣ አርፎ፣ ፀጥ ባለ ክፍል፣ እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው እያነበበለት። ስምንት ከአስር አመጣ። ወራትንም ከዲሴምበር ወደ ኋላ ሳይደናቀፍ ቆጠረ።

ሲጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ቀማኝ። «ብራታ፣ አሁን ያንተ ተራ። በአገርህ ቋንቋ፣ ወደ ኋላ።»

የእኛ 13 ነው አልኩት፣ አላመነኝም። ቀጥ ብዬ ቆሜ ጀመርኩ። ጳጉሜ፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ፣ ግንቦት፣ መጋቢት፣ የካቲት፣ ጥር፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ጥቅምት፣ መስከረም። እሱ ከንፈሬን እያየ በየወሩ ራሱን ይነቀንቃል። ስጨርስ ልክ እንደ ዶክተሩ አውራ ጣቱን አነሳ።

«አልፈሃል» አለኝ።

ሚያዝያን መዝለሌ የገባኝ ማታ ቤት ስገባ ነው።