ከ«ማስተር» ወደ «ሜይን»፦ ክርክሩም ጣጣውም

የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይር አንድ አነስተኛ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም ከጓደኞቼ ጋር አስተዳድራለሁ። ተጠቃሚዎቹ በአብዛኛው በአገር ቤት ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ኮዱን የምንጽፈው ግን አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተን አካባቢም፣ ጀርመንም ተበታትነን ነው። የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን እንዴት እናስላ በሚለው ላይ እንኳ ሳንጣላ የኖርን ሰዎች በአንድ ቅርንጫፍ ስም ጎራ ለይተን ተፋጠጥን።

ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጸው። ጊት ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው፣ በኮድ ላይ የሚደረጉ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። አዲስ ማከማቻ (የአንድ ፕሮጀክት ኮድ ከነለውጥ ታሪኩ የሚቀመጥበት) ሲከፈት ለዋናው ቅርንጫፍ፣ ማለትም ለዋናው የለውጥ መስመር፣ «ማስተር» (በእንግሊዝኛ «ጌታ» ማለትም ይሆናል) የሚል ስም በራሱ ይሰጠው ነበር። በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ (የቀን መቁጠሪያ ሰዎች ነንና የፈረንጁን ወር በፈረንጅ ስሙ ልጥራው) በሶፍትዌሩ ዓለም ከጌታና ባሪያ አጠራር ጋር የተያያዙ ቃላት በሙሉ ጥያቄ ውስጥ ገቡ። ጥያቄው ግን ያን ዓመት የተወለደ አይደለም። የድረ ገጽ መሥሪያው ጃንጎ በ2014፣ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን በ2018 ከሰነዶቻቸው ውስጥ እንዲህ ያሉ ቃላትን አርመዋል። በጁላይ 2020 የወጣው ጊት 2.28 የመነሻውን ስም ተጠቃሚው ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የጊት ማከማቻዎች በኢንተርኔት የሚቀመጡበት ጊትሀብ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የአዳዲስ ማከማቻዎችን ዋና ቅርንጫፍ «ሜይን» («ዋና») ብሎ መሰየም ጀመረ።

እኛ ዘንድ ጉዳዩን ያነሳችው ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አባላችን ናት። መልሱ ወዲያው የመጣው በዕድሜ ከሁላችንም ከሚበልጡት፣ ሁላችንም «ጋሼ» ከምንላቸው ሰው ነው። «የእኔ ልጅ፣ ጊት ውስጥ ባሪያ የት አለና ነው ጌታው የሚወገዘው? ይህ የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው» አሉ። እሷም «ጋሼ፣ እርስዎ ቃሉን ያወቁት ከኮምፒውተር ነው። እኔ ግን ስብሰባ ላይ ሲነገር የባልደረቦቼን ፊት አያለሁ» አለቻቸው። ከአዲስ አበባ የሚሠራው ጓደኛችን ደግሞ ባርነት በእኛም አገር በአዋጅ የተሻረው ገና በ1934 ዓ.ም. መሆኑን፣ «ባሪያ» የሚለውም ቃል እስከ ዛሬ በጠብ መካከል የሚወረወር ስድብ መሆኑን አስታወሰ። ከዚያ ወዲህ «የአሜሪካኖች ጉዳይ» የሚለው መከራከሪያ ተመልሶ አልመጣም።

የጋሼ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን እንደቆመ ነበር፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። አንዱ ወገን ከጊት በፊት የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) ይጠቀምበት የነበረውን ተመሳሳይ መሣሪያ ቢትኪፐርን እየጠቀሰ፣ በሰነዶቹ ውስጥ ጌታና ባሪያ ነበሩ ይላል። ሌላው ቃሉ የሙዚቃ ዋና ቅጂን ነው የሚያመለክተው ይላል። ስሙን በ2005 የመረጠው ፔትር ባውዲስ ራሱ፣ «ሜይን» ብዬው በነበር እያለ ብዙ ጊዜ መመኘቱን በ2020 ጽፏል። ይህን ማስረጃ ስናቀርብ ጋሼ «እሱም ቢሆን ክፉ አስቤ ነው አላለም» ብለው መለሱ። የቃል ታሪክ ቆፍሮ ውሳኔ ላይ መድረስ እንደማይቻል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። ቃሉ ያስቀይማል ወይስ አያስቀይምም የሚለውን ለየግላችን ትተን፣ ብንቀይረው ምን ይበላሻል፣ ባንቀይረውስ ማን ይቸገራል የሚለውን ብቻ እንድንጽፍ ጠየቅሁ። የሁለተኛው መልስ ቀላል ሆነ። አዲስ ጀማሪዎች ከተማሩበት ማስተማሪያ «ሜይን» ብለው ለምደው ይመጣሉ፤ የእኛ ማከማቻ ላይ ሲሞክሩት እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ የለም ይባላሉ። ጋሼ በዚህ ለዘብ አሉ። ከዚያ አልፎ፣ የሚበላሸውን ዘርዝሮ በማውጣት ከእሳቸው የተሻለ ሰው አልተገኘም። ተቃዋሚን የብልሽት ፈላጊ ማድረግ ከሁሉ የጠቀመን ዘዴ ነው።

ስሙን መቀየር ራሱ በጊትሀብ ቅንብር ውስጥ የአፍታ ሥራ ነው። ክፍት የሆኑት የለውጥ ጥያቄዎች (ኮድ ይግባልን ተብለው የቀረቡት) በራሳቸው ወደ አዲሱ ስም ዞሩ፤ የቅርንጫፉ ጥበቃ ደንቦችም አብረው ተሻገሩ። ጣጣው በዙሪያው ነው።

አስቀድመን በሙከራ ቅጂ ላይ ስሙን ቀየርንና ሆን ብለን የተሳሳተ ኮድ አስገባን፤ ጥር 1ን ወደ ታኅሣሥ 1 የሚለውጥ። ኮዱ ፍተሻ መውደቁን የሚያሳየው ቀይ ምልክት ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ምንም አልመጣም። ኮዱን በራሱ የሚፈትነውን ፍተሻ የሚያስነሳው ፋይል ውስጥ «ማስተር ላይ ለውጥ ሲመጣ ሂድ» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ማስተር ስለሌለ ፍተሻው አልተነሳም፣ ያልተነሳ ፍተሻ ደግሞ አይወድቅም። ተሰብሮ ቢጮህ ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ማከማቻችን ውስጥ ያለው የበዓላት ሰንጠረዥ ነው። ጊትሀብ የገጽ አድራሻዎችን ወደ አዲሱ ስም ይመራል፤ የጥሬ ፋይል አድራሻዎችን (ፋይሉን ብቻውን የሚሰጡትን) ግን አይመራም። ሰንጠረዡን በቀጥታ ከጥሬው አድራሻ የሚያነቡ ድረ ገጾች እንዳሉ እናውቅ ስለነበር፣ ስሙን ከመንካታችን በፊት በእትም ቁጥር የተሰየመ አድራሻ ሰጥተን ወደዚያ እንዲዛወሩ አሳወቅን። በዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ ሰው ማስታወቂያ የሚያነበው በራሱ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው በየሰው ኮምፒውተር ላይ ያለው ቅጂ ነው። አንድ ሰው የራሱን ሳያስተካክል አሮጌውን ስም ወደ ሰርቨሩ ከገፋው ማስተር እንደገና ይፈጠራል፤ ሁለት ዋና ቅርንጫፍ ይዞ መንከራተት ይመጣል። በዚያ ስም ቅርንጫፍ መፍጠርን የሚከለክል ደንብ አስቀምጠን ዘጋነው።

ያልነካነውም አለ። ቃሉን በሁሉም ፋይል ውስጥ ፈልጎ በአንድ ጊዜ የሚተካ ፕሮግራም ለማሄድ የፈለጉ ነበሩ። ቢደረግ ኖሮ ወደ ሌሎች ማከማቻዎች የሚወስዱት ማያያዣዎች ይበጣጠሱ ነበር። የሊኑክስ ከርነል እንኳ በጁላይ 2020 በአዲስ ኮድ ውስጥ የጌታና ባሪያን አጠራር እንዳይጠቀሙ በደንቡ ቢጽፍም፣ የቶርቫልድስ ማከማቻ ዋና ቅርንጫፍ ዛሬም «ማስተር» ነው። የሰው ቤት ስም የእኛ አይደለም።

ጋሼ የግል ፕሮጀክቶቻቸውን አሁንም በ«ማስተር» ይዘዋል። የጊት አዘጋጆች በ3.0 እትም የመነሻ ስሙን «ሜይን» ለማድረግ ማቀዳቸውን ስነግራቸው፣ ያኔ በራሳቸው ቅንብር ውስጥ ወደ ቀድሞው እንደሚመልሱት ነገሩኝ። መብቱን ጊት 2.28 ለሁሉም ሰጥቷልና አልተከራከርኳቸውም።