አንጋጥጬ ያጣሁትን ተንበርክኬ አገኘሁት

ኦርኪድ የሚባለውን የዱር አበባ ፍለጋ ከጀመርኩ ይኸው ሦስተኛ ክረምቴ። የመጀመሪያውን ክረምት ሙሉ አንጋጥጬ ነው ያሳለፍኩት። ኦርኪድ ዛፍ ላይ ይበቅላል ሲባል ሰምቼ፣ የጎንደርን ዋርካና ወይራ ሳስስ አንገቴ ደረቀ። ያገኘሁት ተቀጽላ ብቻ ነበር። ተቀጽላ ሥሩን እንጨቱ ውስጥ ሰዶ የዛፉን ውሃ ይጠጣል። የዛፍ ኦርኪድ ግን ቅርፊቱን ይዞ ይንጠለጠላል እንጂ ከዛፉ ምንም አይወስድም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያ አለ። ዛፍ ላይ የሚኖሩት በብዛት እንደ ከፋ ያለ እርጥብ ጫካ ይወዳሉ። የእኛ በጋ ረዥም ነው። ስለዚህ የደጋዎቹ በጋውን አፈር ውስጥ እንደ ትንሽ ድንች ተኝተው ያሳልፉና ዝናብ ሲመጣ ብቅ ይላሉ።

ይህ ሲገባኝ ዓይኔን ወደ ሣሩ መለስኩ። ነሐሴ መጨረሻ፣ ከብት የማይገባበት አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተንበርክኬ ሳለሁ አንድ አባት መጥተው "ምን ጠፋብህ ልጄ?" አሉኝ። ያገኘሁት ሀበናሪያ የሚባል የመሬት ኦርኪድ ነበር። አበባው አረንጓዴ ስለሆነ ከሣሩ አይለይም። ከኋላው ቀጭን ጭራ ተንጠልጥሏል፤ ወደ ፀሐይ አዙሬ ሳየው ጫፉ ላይ ማሩ ታየኝ። በስቴኪኒ አፉን ስነካው ሁለት ቢጫ የአበባ ዱቄት እንክብሎች እንደ ሙጫ ተጣብቀው ወጡ። ማታ የእሳት እራት ማሩን ስትቀዳ እንዲሁ ተሸክማቸው ትሄዳለች።

ወደ ደባርቅ ከፍ ስል፣ ውሃ በሚያቁር መስክ ላይ ሳቲሪየም የሚባል ሌላ ኦርኪድ አየሁ። እሱ ደግሞ ጭራው ሁለት ነው! ሌሎቹ ከታች የሚዘረጉትን ከንፈር እሱ እንደ ቆብ ከላይ ደፍቶታል።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። አምና አንዱን ነቅዬ ጣሳ ላይ ተከልኩት። በሦስት ሳምንት በሰበሰ። ለካ ኦርኪድ አፈሩ ውስጥ ካለ ሻጋታ ጋር ተጎዳኝቶ ነው የሚኖረው። ዘሩማ እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ስንቅ የሌለው ስለሆነ ያለዚያ ሻጋታ አይበቅልም። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ብቻ!

ዘንድሮ ለመስቀል ሰሞን ስመለስ የግቢው ሣር ታጭዷል። ክው አልኩ። ጠጋ ስል ግን የእኔዋ ጥግ ሳትነካ ቆማለች። አባ "ያቺን የምትሳለምላትን ተዉለት ብያቸው ነው" ብለው ሳቁብኝ።