የአባባ ሁለት ፎቶ

ቅዳሜና እሑድ የኔ ቀን አይደሉም። ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ሁሉም የሚውለው በነዚህ ሁለት ቀናት ነው። እኔ ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ በግሌ ፎቶ እያነሳሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ደሞዝ የለኝም። ቀብድ ተቀብዬ ቀን እይዛለሁ፤ ቀኑ ሲደርስ ሁለት ካሜራ ተሸክሜ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት እቆማለሁ፣ ከዚያ ሳምንቱን ኤዲት ሳደርግ እከርማለሁ። ግብሩን በዓመት አራት ጊዜ ራሴ አስልቼ እከፍላለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን ሰው ሲሰበሰብ እኔ ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነኝ።

ስለዚህ የኔ እሑድ ሰኞ ናት። ጓደኞቼም የሰኞ ጓደኞች ናቸው። አንዷ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ናት። አንዷ ምግብ ቤት ታበስላለች፣ ቤቱ ሰኞ ዝግ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንለው ወንድማችን ደግሞ ኡበር ይነዳል፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ መኪናውን በሬ ላይ ያቆማል። የጭስ ማንቂያው እንዳይጮህ መስኮት ከፍተን ቡና እንቆላለን። እስከ ሦስተኛው ድረስ ማንም አይነሳም።

ስለ ነርሷ ላውራችሁ። የጎንደር ልጅ ናት። ጥገኝነት ጠይቃ ወረቀቷን ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል፤ ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ደግሞ አገር ቤት ደርሼ ልምጣ ቢል ያ ሁሉ ጥበቃ ገደል ይገባበታል። እናቷ የሞቱት እዚህ በመጣች በሁለተኛው ዓመት ነው። አልሄደችም። የቀሯት አባቷ ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር።

ጥር 2011 ዓ.ም. ጥምቀትን ለማንሳት ጎንደር ስሄድ ታዲያ አንዱ ሻንጣዬ የሷ ሆነ። ከዚህ የሚሄድ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለት ሃያ ሦስት ኪሎ ይፈቀድልሃል፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ የሰው እቃ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት፣ የንባብ መነጽር፣ ሹራብ፣ ጫማ። «ፎቶ አንሺልኝ፣ ደህና አድርገሽ አንሺልኝ» ብላ ሸኘችኝ።

ከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ አነሳሁ። በማግስቱም ገና ሳይነጋ እዚያ ነበርኩ፤ የዋርካው ሥር የግንቡን አጥር እንደ እጅ ጨብጦ ይዞት፣ ሰዉ በሻማ ብርሃን ቆሞ፣ ውሃው ተባርኮ ወጣቶቹ ዘለው ሲገቡ። ብዙ ጥሩ ፎቶ ይዣለሁ ብዬ ነበር የማስበው። በሦስተኛው ቀን አባባ ቤት ሄድኩ። በራቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋቢያቸውን ደርበዋል። ካሜራውን ሳነሳ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው እየሳቁ ከለከሉኝ።

«ቆይ ቆይ ልጄ! እንዲህ ሆኜ አይደለም። እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ታለቅሳለች።»

ጣቴ ግን ቀድሞ ተጭኖት ነበር።

ገብተው ቡናማ ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ ለብሰው ወጡ። እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው፣ ቀጥ ብለው፣ እንደ ድሮ የመታወቂያ ፎቶ ቆሙልኝ። «ይኼኛውን ብቻ ስጫት፣ አደራ» አሉኝ። እሺ አባባ አልኩ። ቃሌንም ጠበቅሁ። የሙሉ ልብሱን ሰጠኋት፣ የጋቢዋን ሃርድ ድራይቭ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ከዚያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መጋቢት 2020 መጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የያዝኩት ሰርግ ሁሉ ተሰረዘ። ሰኞም ቀረች። ነርሷ ከሆስፒታል በሽታ ይዤ እመጣባችኋለሁ ብላ ማንንም ሳታገኝ ወራት ከረመች። እኔ ከሰው ጋር ሳልነጋገር የምውልባቸው ቀኖች በዙ፣ ያንን ጊዜ አሁንም ሳስበው ይከብደኛል። በበጋው ከመጠለያ አንድ ቡናማ ውሻ አመጣሁ። አንድ ጆሮው ይታጠፋል። ስሙን ቡቺ አልኩት፣ ልጅ ሆኜ በሰፈራችን የነበረው ውሻ ቡቺ ስለነበረ። እናቴ በስልክ «ውሻ? ቤት ውስጥ?» ብላ ዝም አለች። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። በየጠዋቱ አስነስቶ ስላይጎ ክሪክ ወንዝ ዳር ያስኬደኝ እሱ ነው። ካሜራውን ለሥራ ሳይሆን እንዲሁ ደስ ብሎኝ መያዝ የጀመርኩትም በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ነርሷ ግን ቡቺን ትፈራዋለች። ልጅ ሳለች ውሻ ነክሷት ሆዷ ላይ በየቀኑ መርፌ ተወግታለች፤ ያንን የተወጋ ሰው አይረሳውም። ሰኞ ተመልሳ መጥታ ስትቀላቀለን ቡቺን መኝታ ቤት እዘጋበት ነበር። አትፍሪ አላልኳትም። ፍርሃቷ ምክንያት አለው።

ጥቅምት 2021 ላይ አንድ ሰኞ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፣ ከኛ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፣ ውሻም በገመዱ ከተያዘ በአብዛኛው የእግር መንገድ ላይ ይፈቀድለታል። ጋሼ ይነዳል፣ ነርሷ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ከቡቺ ጋር። የተራራው ጫፍ ላይ የሚሄደው መንገድ 105 ማይል ነው፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ35 ማይል አያልፍም፤ ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያጣድፈው ስለሚውል እዚያ ሲደርስ ትከሻው ሲወርድ ይታያል። ቅጠሉ ቀይና ወርቅ ሆኗል። አንዱ መመልከቻ ላይ ወረድን። ነርሷ አጥሩን ይዛ ቆመች፣ ድርብርቡን ሰማያዊ ተራራ አየችና «ስሜንን መሰለኝ» አለች። በከፍታ አይገናኙም፣ እዚያ ያለው ትልቁ ጫፍ የራስ ዳሸንን ሲሦ አይሞላም። ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ማንም አልመለሰላትም።

በእግር ስንሄድ እሷ ወደ ኋላ ቀረች፣ ሌሊቱን ሠርታ ነው የመጣችው። ቡቺ ቆመ። ብጎትተው እምቢ አለ። ወደ ኋላ እያየ እሷ እስክትደርስ ጠበቃት፣ ስትደርስ መንገዱን ቀጠለ። ይህንን አራት አምስት ጊዜ አደረገ። በመጨረሻ «ይኼ ልጅ ሊቆጥረን ነው እንዴ የመጣው?» አለች። ከዚያ ሰኞ በኋላ በሩን አልዘጋሁበትም።

ግንቦት 2023። ከዳግም ትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ የሰርግ ወቅት ነው፣ አንድም ባዶ ቅዳሜ የለኝም። ሐሙስ ማታ ጋሼ ደወለ። ድምፁን እንደሰማሁ አወቅሁት። ወንድሟ ከጎንደር ደውሎ ለሱ ነግሮታል፤ አባባ አርፈዋል።

እዚህ መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን ሳለች አይነገርም፣ ማታ አይነገርም። ሁሉም ነገር ለቅዳሜ ንጋት ተባለ። እስከዚያ ድረስ ፌስቡክ ላይ ማንም የነፍስ ይማር እንዳይጽፍ ዘመዶቿን በየስልካቸው ለመንን። አርብ ደውላልኝ ስለ ሰኞ ቡና አወራችኝ። እየሰማሁ፣ እየመለስኩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኜ አወራኋት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ንግግር የለም።

ቅዳሜ ደግሞ ሰርግ አለኝ። ቀብዱን ከተቀበልኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሙሽሪት ቤት ሦስት ሰዓት መድረስ አለብኝ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተሰበሰብን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን። ቄሱም መጡ። በሩን ከፍታ ነጠላችንን አየች። «አባዬ?» ብቻ ነው ያለችው።

ቡቺን ቀኑን ሙሉ ብቻውን ቤት መተው ስላልቻልኩ መኪና ውስጥ ነበር። አንድ ሰው እቃ ሊያወጣ መኪናውን ሲከፍት አምልጦ ገባ። በለቀስተኛው እግር መሀል አልፎ እሷ የተቀመጠችበት ፍራሽ ሥር ደረሰና እግሯ ላይ ተኛ። ሰዎቹ ተነስተው ሊያስወጡት ነበር። «ተዉት» አለች።

እዚያው ትቼው ሄድኩ። መኪና ውስጥ ልብስ ቀየርኩ። ሙሽሪት ስትኳኳል፣ ሚዜዎች በር ላይ ሲከራከሩ፣ ሁሉንም አነሳሁ። ከቤት ከመውጣቷ በፊት ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። አባትየው እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ሲመርቁ ድምፃቸው ተቆረጠ። አሥራ ሁለት ዓመት ይህችን ሰዓት አንስቻለሁ። ያን ቀን ግን በካሜራው የማየው ነገር አልነበረም፣ ሁሉም እንባ ሆነብኝ። በልማድ ብቻ ተጫንኩት። ያ ፎቶ አልበማቸው ውስጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ለሙሽሮቹ ምንም አልነገርኳቸውም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ለቅሶ ቤት ተመለስኩ። ከሻማው አጠገብ የሚቀመጥ ፎቶ ይፈለግ ነበር። የሙሉ ልብሱን በቤቴ ፕሪንተር አትሜ አመጣሁ፣ እሳቸው እንደፈለጉት።

የጋቢዋን የሰጠኋት አርባቸው ሲወጣ ነው፣ ሰኞ ዕለት፣ ሁለተኛው ቡና ላይ። አባባ እንዳታሳያት ብለውኝ እንደነበርና አራት ዓመት ደብቄ እንደያዝኳት ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ቡቺ ተከትሏት ሄደ። ብዙ ቆየች። የምታየው የሳቀውን ፊት መስሎኝ ነበር፣ እኔ ሁልጊዜ የማየው እሱን ነውና።

«ጋቢውን አየሽው?» አለችኝ። «እናቴ የፈተለችው ነው። አሁንም ይለብሰው ነበር ማለት ነው።»