ሊፍቱን የሚመርጠው ወለሉ ነው

ለቤት ጋራዥ ሊፍት ልግዛ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ከካታሎጉ ይነሳል፦ ስንት ቶን ይሸከማል፣ ምን ያህል ከፍ ይላል፣ የማን ሥራ ነው። እኔ የጀመርኩት ከሜትሩ ነው። የወለሉ ውፍረት፣ የጣሪያው ከፍታ፣ የበሩ አከፋፈትና የሚነሳው መኪና ክብደት ወረቀት ላይ ከሰፈሩ በኋላ ካታሎጉ ውስጥ ካለው አብዛኛው በራሱ ጊዜ ይወድቃል። የቀረውን መምረጥ ያን ያህል አያስቸግርም።

የጣሪያው ሂሳብ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት በግራና በቀኝ ከቆሙት ምሰሶዎች በሚዘረጉ አራት ክንዶች መኪናውን የሚይዘው ከሻሲው ሥር ነው፤ ያ ነጥብ ደግሞ መኪናው መሬት ላይ ቆሞም ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የክንዱ መሸከሚያ 1.80 ሜትር ላይ ሲደርስ መኪናው ከቦታው የተነሳው 1.60 ሜትር ብቻ ነው። 1.45 ሜትር ቁመት ላለው የቤት መኪና 1.45 ሲደመር 1.60፣ ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተጨምሮ 3.15 ሜትር ጣሪያ ይበቃል። የእኔ ጣሪያ 3.30 ነው፤ ለቤት መኪናው ይተርፋል። ቁመቱ 1.85 የሆነውና ከሥሩ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለው ፎር ዊል ግን ሊነሳ የሚችለው 1.35 ብቻ ነው። መሸከሚያው 1.65 ላይ ይቆማል ማለት ነው፤ አንገትን ደፋ አድርጎ ወይም ባለ ጎማ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሠራበታል። ይህንን ከመግዛት በፊት ማወቅ ይሻላል።

ጣሪያ ስል በጣም ዝቅ ያለውን ቦታ ማለቴ ነው። የጣሪያው ተሸካሚ አግዳሚ፣ የመብራቱ ዘንግ፣ ከሁሉም በላይ ወደ ላይ ተጠቅልሎ በጣሪያው ሥር የሚንሸራተት በር። በሩን ከፍቼ ነው የለካሁት። ሐዲዱ በ2.20 ሜትር የሚያልፍ ከሆነ ሁለት መፍትሔ አለ፦ ሐዲዱን ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ እንዲወጣ ማሳደግና የበሩን ሞተር ከመሃል አንስቶ ከጎን በሚያሽከረክር መቀየር፣ ወይም ሊፍቱን ከበሩ ሐዲድ ውጭ ወደ ውስጥ ማስገባት። የመኪናውን ኮፈንና የኋላ በር ከፍቶ መለካትም አይዘንጋ፤ ኮፈን ተከፍቶ ሳለ መኪናው ሲነሳ የመጀመሪያው ጣሪያ የሚነካው እሱ ነው።

ከዓይነቶቹ ውስጥ ተንቀሳቃሾቹንና ባለ መቀሱን ቶሎ አለፍኳቸው። ተንቀሳቃሾቹ መኪናውን ግማሽ ሜትር ያህል ያነሳሉ፤ ለጎማና ለፍሬን ጥሩ ናቸው፣ ቦታም አይዙም። ባለ መቀሱ መካከለኛ ሊፍት ወደ 1.20 ሜትር ይደርሳል፣ ነገር ግን ብረቱ የሚቆመው ልክ ካምቢዮና ማርሚታ ባሉበት ሥር ነው። ከሥር መሥራት ለሚፈልግ ሰው መሃሉ ተዘግቶ ምን ይጠቅማል?

እውነተኛው ውድድር በባለ አራትና በባለ ሁለት ምሰሶ መካከል ነው። ባለ አራቱ መኪናውን በጎማዎቹ ስለሚሸከም ለጀማሪ ይቅር ባይ ነው፤ ነድቶ መውጣት ነው፣ የሻሲ ነጥብ መፈለግ የለም። ሸክሙም በአራት እግር ተከፋፍሎ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ብዙዎቹ ሞዴሎች ወለሉን ያን ያህል አይፈትኑትም። ሁለት መኪና ደርቦ ለማቆም ለሚፈልግም ይመቻል፤ ሂሳቡም እንዲህ ነው፦ የታችኛው መኪና 1.45፣ ክፍተት 0.10፣ ጎማው የሚቆምበት የመንገዱ ብረት ውፍረት 0.12፣ የላይኛው መኪና 1.45፣ ከላይ ክፍተት 0.08፤ ድምሩ 3.20 ሜትር። ጉድለቱ ጎማው ነጻ አለመሆኑ ነው። ፍሬን ወይም ባሌስትራ ለመፍታት በሁለቱ መንገዶች መካከል የሚንሸራተት ተጨማሪ ክሪክ መግዛት ያስፈልጋል፤ እሱም ሳይኖር የሚሸጥ ብዙ ነው። የእኔ ሥራ በአብዛኛው ፍሬን፣ ሾክና ፍሪሲዮን ስለሆነ ባለ ሁለት ምሰሶውን ያዝኩ።

ባለ ሁለቱም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሁለቱን ምሰሶ ከላይ በድልድይ ያገናኛል፤ ቁመቱ 3.5 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚሆን በእኔ ጣሪያ ሥር አይገባም። ሌላው ገመዱንና የዘይት ቱቦውን መሬት ላይ በተዘረጋ የብረት ሽፋን ሥር ያሳልፋል፤ ምሰሶው 2.85 ሜትር ያህል ነው። ዋጋው የሚከፈለው መሃል ላይ ባለው ጉብታ ነው፦ ካምቢዮ የተሸከመ ባለ ጎማ ክሪክ ሲያልፍበት ይንገጫገጫል። በተጨማሪ ባለ ድልድዩ የመኪናው ጣሪያ ሲነካው ሞተሩን የሚያጠፋ ዘንግ አለው፤ ይህኛው የለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መኪና የሚቆምበትን ከፍታ ምሰሶው ላይ በቀለም አሰመርኩ።

ስለ ክብደት። ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር ለአራት ክንድ የተደመረ ነው፤ አንድ ክንድ ከሩቡ በላይ መሸከም የለበትም። 2,400 ኪሎ የሚመዝን ፎር ዊል ሞተሩ ፊት ስለሆነ 60 በመቶው ፊት ላይ ቢያርፍ 1,440 ኪሎ በሁለት ክንድ፣ አንድ ክንድ 720 ኪሎ ይይዛል። ባለ 3 ቶን ሊፍት ለአንድ ክንድ 750 ነው የሚፈቅደው፤ ዕቃ ከተጫነ ያልፋል። ስለዚህ ባለ 4 ቶኑን መረጥኩ። ብዙ አምራቾች በፓውንድ ስለሚጽፉ፣ 9,000 ፓውንድ ማለት 4,080 ኪሎ ገደማ፣ 10,000 ደግሞ 4,536 ነው። ክንዶቹ እኩል የሆኑት ለረጅምና ለከባድ መኪና፣ የፊቶቹ አጠር የኋላዎቹ ረዘም ያሉት ደግሞ ለቤት መኪና ይስማማሉ፤ በኋለኛው መኪናው ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በሩ ምሰሶውን ሳይመታ ይከፈታል። ዝቅ ያለ መኪና ያለው ሰው ክንዱ ተኝቶ ስንት እንደሚሆን ይጠይቅ፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ከሥሩ አይገባም።

አሁን ወደ ወለሉ። ከዚህ ሁሉ ጊዜ መስጠት የሚገባው እሱ ነው። የሊፍቱ ክብደት ወደ ታች ብቻ የሚጫን ይመስላል፤ ባለ ሁለት ምሰሶ ግን ሸክሙ ከምሰሶው ርቆ ስለተንጠለጠለ የኋላ ቡሎኖቹን ወደ ላይ ይነቅላል። አንድ ምሰሶ 1,200 ኪሎ ቢይዝና ሸክሙ ከመሠረት ሳህኑ የፊት ጠርዝ 50 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የኋላ ቡሎኖቹ ደግሞ ከዚያው ጠርዝ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ፣ 1,200 በ0.5 ተባዝቶ በ0.4 ሲካፈል 1,500 ኪሎ ይመጣል። ይህን ያህል የሚነቅል ኃይል ነው ሁለትና ሦስት ቡሎን የሚይዘው። ቡሎኑ ሲለቅ ብቻውን አይወጣም፤ ዙሪያውን ያለውን ኮንክሪት እንደ ቁና ቦድሶ ይዞ ይወጣል። ከስንጥቅና ከጠርዝ ራቁ የሚባለው ለዚህ ነው፤ በዚያ በኩል ቦድሶ የሚይዘው አካል የለውም።

ማኑዋሎቹ በአብዛኛው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 21 ሜጋፓስካል ጥንካሬ (ኮንክሪቱ ሲጫን የሚችለው የግፊት ልክ) ይጠይቃሉ። ውፍረቱን ለማወቅ ምሰሶዎቹ በሚቆሙበት ቦታ በቀጭን ፑንታ በሳሁ፤ ጫፉን ያጠፍኩትን ሽቦ አስገብቼ ከሥር አስይዤ ለካሁ። በሩ አጠገብ መለካት ያታልላል፤ የወለል ጠርዝ ብዙ ጊዜ ወፍራም ተደርጎ ነው የሚሞላው። በውስጡ የተወጠረ የብረት ገመድ ያለው ወለል ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይበሳም፤ ገመዱ ከተቆረጠ አደጋ ነው። የውኃና የማሞቂያ ቱቦም እንዲሁ አስቀድሞ ይፈለግ።

የእኔ ወለል 9 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አንድ ሴንቲ ሜትር ምን አላት ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ አላለፍኩም። በሁለቱ ምሰሶ ሥር የሚያልፍ 4.20 ሜትር ርዝመት፣ 1.20 ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ወለሉን ቆርጬ ቆፈርኩ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሁለት ንጣፍ፣ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ አሰርኩ፤ ከአሮጌው ወለል ጋር እንዲያያዝ በጎኑ እየበሳሁ የፌሮ ቁራጭ ከትቼ በኢፖክሲ አጣበቅኩ። ባለ 30 ሜጋፓስካል ኮንክሪት 1.5 ሜትር ኩብ ያህል ይወስዳል። ሁለት የተለያዩ ጉድጓዶች ቢሆኑ ኮንክሪቱ ያንስ ነበር፤ አንድ ወጥ መሆኑን የመረጥኩት ሁለቱ ምሰሶዎች በአንድ ሊቬላ እንዲያርፉና አንደኛው ብቻውን እንዳይሰምጥ ነው። ከዚያ 28 ቀን መጠበቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ውኃ ማጠጣት ወይም በላስቲክ መሸፈን ይገባል፤ ቶሎ የደረቀ ኮንክሪት ላዩ ይላላል።

ሲተከል ሁለቱ የመሠረት ሳህኖች ከማዕዘን ማዕዘን ተለክተው ሰያፎቹ እኩል መሆን አለባቸው፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ምሰሶዎቹ ፊት ለፊት ትክክል አልቆሙም። ቀዳዳው በ19 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቀጥ ብሎ ይበሳል፣ አቧራው እስከ ሥሩ በአየር ይነፋል። አቧራ የቀረበት ቀዳዳ ውስጥ ቡሎኑ ሲጠብቅ ይንሸራተታል። በመዶሻ ሲመታ ዳዶው ጫፉ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ጥርሱ ይበላሻል። ምሰሶው ካዘነበለ ከሥሩ ላሜራ ይገባል፤ ላሜራው የሚገባው ቡሎኖቹ አጠገብ ነው፣ ድምሩም ከ12 ሚሊ ሜትር ካለፈ ችግሩ የወለሉ ስለሆነ ወለሉ ይስተካከል። የማጥበቂያው ልክ ከአምራች አምራች ይለያያልና ከማኑዋሉ ይወሰድ፤ በግምት አይጠበቅም። ዳዶው ሦስት ዙር ዞሮ ልኩ ላይ ካልደረሰ ኮንክሪቱ እየተቦደሰ ነው፤ እዚያው ይቁም።

መብራቱ ቀላል ነው ግን አይናቅ። ባለ አንድ ፌዝ 2.2 ኪሎ ዋት ሞተር ሲነሳ ብዙ አምፔር ይስባል፤ ለብቻው የሆነ ባለ 25 ወይም 32 አምፔር ሲ ዓይነት ብሬከር፣ እስከ 15 ሜትር ድረስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ከዚያ ለራቀ 6። ቀጭን ሽቦ ላይ ሞተሩ ባዶውን ይሠራል፣ መኪና ሲጫን ግን እያጉረመረመ ይቆማል፤ ሰውም ፓምፑን ይጠረጥራል።

ዘይቱ አይኤስኦ 32 የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፣ ከ10 እስከ 15 ሊትር። የቱቦው ጫፍ ሾጣጣ ሆኖ ብረት በብረት የሚዘጋ ከሆነ ቴፍሎን አይጠቀለልበትም፤ የተቆረጠው ቴፍሎን ቫልቩ ውስጥ ይገባና ሊፍቱ ሳይነካ ዝም ብሎ ዝቅ ይላል። ባዶውን ደጋግሞ ማውጣትና ማውረድ አየሩን ያስወጣል። በዚያው ጊዜ ጆሮ ይሰጠው፦ ሊፍቱን በየደረጃው የሚይዘው የሁለቱ ምሰሶ መቆለፊያ እኩል መጮህ አለበት። አንዱ ከቀደመ የማመጣጠኛው ገመድ ይስተካከላል። አዲስ ገመድ ስለሚለጠጥ ከጥቂት ጭነት በኋላ እንደገና ይላላል፤ ቡሎኖቹም በዚያው ጊዜ ዳግም ይጠበቃሉ።

ሲገዛ የማየው ምልክት አንድ ነው፦ በሰሜን አሜሪካ የኤኤልአይ (የአውቶሞቲቭ ሊፍት ኢንስቲትዩት) የወርቅ ቀለም መለያ፣ በአውሮፓ ኢኤን 1493 የተባለው ደረጃ። «ደረጃውን ያሟላል» የሚል የሻጭ ጽሑፍና በሌላ አካል ተፈትኖ የተመሰከረለት ሞዴል ለየቅል ናቸው፤ የሞዴሉ ቁጥር ከምስክር ወረቀቱ ጋር ይመሳከር። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የተበጠሰ የገመድ ክር፣ የተበላ የክንድ ፒን፣ ከመሠረቱ የዛገ ምሰሶ እና የጠፋ ማኑዋል ካሉ አልገዛም።

መኪና ሲነሳ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆሞ ይነቀነቃል፤ አራቱም መሸከሚያ ነክቷል ወይ ይታያል። ከሥር ከመገባቱ በፊት ሊፍቱ መቆለፊያው ላይ ይወርዳል፤ ሸክሙን ዘይቱ ይዞት አይሠራም። ካምቢዮ ወይም ዲፈረንሻል ሲወርድ ሚዛኑ ወደ ሌላው ጫፍ ይሸሻል። ፊቱ ሲቀል ኋላው፣ ኋላው ሲቀል ፊቱ በረጅም ባለ ጥርስ መደገፊያ ይያዝ፤ ያውም የመጀመሪያው ቡሎን ሳይፈታ።