ሮም ላይ ያየኋቸው ሳንቲሞች

ሮም እንደደረስኩ መጀመሪያ የሄድኩት ፖርታ ካፔና አደባባይ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር። በ2005 አገሩ ገብቷል። ቦታውን ያለ እሱ ሳየው ደስ አለኝ።

ከዚያ በእግር ትንሽ ሄድ እንዳሉ የሮም ንጉሠ ነገሥት የነበረው የካራካላ መታጠቢያ አለ። አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ አየሁት። በ216 የተከፈተ ነው። ጎቶች የተባሉ ወራሪዎች በ537 ከተማዋን ከበው የውኃ መስመሩን ሲቆርጡት ሥራ አቆመ። የሮምን ውድቀት ሁሌም የማስበው እንዲህ ነበር፤ ጠላት መጣ፣ ቆረጠ፣ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ግን ሳንቲሞቹን አየሁ።

ያሉት ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የፓላዞ ማሲሞ ሙዚየም ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስታወቱ ላይ ተደፍቼ ብዙ ቆየሁ። ካራካላ የወታደሩን ደመወዝ በግማሽ ያህል ጨመረ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በ215 አዲስ ሳንቲም አወጣ። ዲናር የተለመደው የሮም የብር ሳንቲም ነበር፤ የአዲሱ ዋጋ ሁለት ዲናር ነው ተባለ፤ ውስጡ ያለው ብር ግን የአንድ ተኩል ብቻ ነበር። ከእሱ በኋላ የነገሡትም ይህችን መንገድ ወደዷት። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲያልፍ በሳንቲሙ ውስጥ ከመቶ አምስት እጅ የማይሞላ ብር ቀረ። ላዩን ስስ ብር ቀብተውታል። የንጉሡ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ተፍቆ ቡናማው መዳብ ወጥቷል። ይህን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ነበር። ሻጩም አገላብጦ አይቶታል።

ኑሮው ጣራ ሲነካ፣ እኛ ከሰማዕታት ገድል የምናውቀው ዲዮቅልጥያኖስ በ301 የዋጋ ተመን አወጀ። ከተመኑ በላይ የሸጠ ሞት ይፈረድበታል። ላክታንትዮስ የተባለ የዘመኑ ጸሐፊ እንደሚለው ዕቃው ጭራሽ ከገበያ ጠፋ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሳንቲሙን ያረከሰው ቤተ መንግሥቱ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ አዋጁ የነጋዴውን ስግብግብነት ይረግማል። አገር የሚመራ ሁሉ እዚህ መስታወት ፊት አንድ ሰዓት ቢቆም እመኛለሁ።

ስወጣ መሽቷል። ቴርሚኒ አካባቢ ሐበሻ አይጠፋም፤ አንድ ቡና ቤት ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ስልካቸውን ሰጡኝ።

«ልጄ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው። ዛሬ ዩሮ ስንት ገባ?»

አነበብኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«ብሩስ ጨምሯል። እህቴ የምትሸምተው ጤፍ ነው ያነሰው።»